በእጅ የተሣሉ የበዓለ ሲመት ኤንቨሎፖችን መሰብሰብ፦ ከምርጫ እስከ ማኅደር

አንድ የበዓለ ሲመት ኤንቨሎፕ ሦስት ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ ያገናኛል፦ ቴምብር፣ የፖስታ ቤት ማኅተምና ሥዕል። ቴምብሩን የሚያወጣው መንግሥት ነው። ማኅተሙም በፖስታ ቤት እጅ ያለ፣ ቀኑን በራሱ ላይ የተሸከመ ነገር ነው። ሥዕሉን ግን ማንም ሰው፣ የትም ተቀምጦ፣ በፈለገው ዓመት ሊጨምረው ይችላል። የዚህ ስብስብ ደስታውም ጣጣውም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ሥዕሎቹ ውበት ብዙ አይናገርም፤ ያንን ዓይንዎ ይፍረድ። ትኩረቱ ቴምብሩ፣ ማኅተሙና ቀለሙ እርስ በርሳቸው የሚመሰክሩት ነገር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ላይ ነው።

የምንነጋገረው ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በዓለ ሲመት ነው። ቀኑ ከዓመታት በፊት ስለሚታወቅ ሠዓሊውም ሰብሳቢውም ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛሉ፤ በዚህም የተነሣ ከ1930ዎቹ ወዲህ በየአራት ዓመቱ የሚዘወተር ልማድ ሆኗል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ነገሩ ደጃፉ ላይ የሚፈጸም ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

1. ወሰን ያብጁ

ሁሉንም እሰበስባለሁ ብሎ የተነሣ ሰው በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ሳጥን ሙሉ የማተሚያ ቤት ወረቀት ነው። ገበያው ላይ ከሚቀርቡት የበዓለ ሲመት ኤንቨሎፖች እጅግ የሚበዙት በማሽን የታተሙ ናቸውና በእጅ የተሣለውን ለማግኘት የሚፈልጉትን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

አንዱ መንገድ አንድ ፕሬዚዳንት መምረጥ ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለዚህ የሚመች ሰው ነው። ራሱ ቴምብር ሰብሳቢ ነበር፤ አራት ጊዜም ቃለ መሐላ ፈጽሟል፦ በ1933፣ በ1937፣ በ1941 እና በ1945። ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ተጨማሪ ምክንያትም አለው። ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 1945 ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ በጦር መርከብ ውስጥ ተገናኝቷል፤ ኢትዮጵያም በ1947 ምስሉን የያዙ ቴምብሮች አውጥታለች። የ1945ን የበዓለ ሲመት ኤንቨሎፕ ከእነዚህ ቴምብሮች አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ስብስቡ ከአማካይ አሜሪካዊ ሰብሳቢ የተለየ መልክ ይኖረዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሠዓሊን መከተል ነው። በ1940ዎቹ ይሠሩ ከነበሩት መካከል ከሁሉ ይበልጥ የምትፈለገው ዶሮቲ ናፕ ናት። ሥራዎቿን ሲፈልጉ ግን አንድ ልዩነት ልብ ይበሉ፦ አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ቀለም በእጇ የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ የሥዕሉ መስመር ታትሞ ቀለሙ ብቻ በእጅ የተቀባ ነው። በኋለኛው ዘመን ኮሊንስ በሚባል ስም የሚታወቁትም ኤንቨሎፖች በዚህ በሁለተኛው መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም አሠራሮች ተገቢ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛውና እኔ በግሌ የምወደው በማኅተሙ ከተማ መሰብሰብ ነው። ጂሚ ካርተር በ1977 ቃለ መሐላውን የፈጸመው በዋሽንግተን ቢሆንም በዚያው ዕለት በትውልድ ከተማው በፕሌንስ፣ ጆርጂያ የተመታ ማኅተም ከዋሽንግተኑ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ለትሩማን ኢንዲፔንደንስ፣ ለሩዝቬልት ሃይድ ፓርክ፣ ለክሊንተን ሆፕ እንዲሁ ይፈለጋሉ።

2. ቀኖቹን በቃል ይያዙ

ሻጩ የነገረዎትን ትተው በመጀመሪያ የሚያነቡት ማኅተሙን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የቀኖች ታሪክ አጭር ቢሆንም ወጥመድ አያጣውም።

እስከ 1933 ድረስ በዓለ ሲመት የሚከበረው ማርች 4 ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የጸደቀው 20ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 20 አዛወረው፤ በአዲሱ ቀን መጀመሪያ የተከበረውም የ1937ቱ የሩዝቬልት ሁለተኛ በዓለ ሲመት ነው። እንግዲህ የማርች 4 ቀን 1937 ማኅተም ያለበትን ኤንቨሎፕ የበዓለ ሲመት ነው ብሎ የሚያቀርብልዎ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እርስዎ እንደማያውቁ ገምቷል።

ጃንዋሪ 20 እሑድ ሲውል ነገሩ ሁለት ይሆናል። ፕሬዚዳንቱ እሑድ ዕለት በጥቂት ሰዎች ፊት ይምላል፤ ሕዝባዊው ሥነ ሥርዓት ሰኞ ይከናወናል። በአይዘንሃወር በ1957፣ በሬገን በ1985 እና በኦባማ በ2013 እንዲህ ሆኗል። ሁለቱም ቀኖች ትክክለኛ ናቸው፤ ሁለቱንም ማኅተሞች በአንድ ኤንቨሎፕ ላይ ያስመቱ ሰብሳቢዎችም አሉ። እንዲህ ያለ ካገኙ ሠዓሊው ለሁለቱ ማኅተሞች ቦታ ትቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ቦታ የተወ ሰው አስቀድሞ አስቦ የሠራ ነው።

የ2009ኙ የኦባማ በዓለ ሲመትም የራሱ ቅመም አለው። በጃንዋሪ 20 የቃለ መሐላው ቃላት ቦታ ስለተዛነፉ በማግሥቱ በኋይት ሀውስ ውስጥ በድጋሚ ተፈጽሟል። ስለዚህ የጃንዋሪ 21 ቀን 2009 ማኅተም ስሕተት ላይሆን ይችላል። ሥዕሉ ስለ ድጋሚው ቃለ መሐላ የሚናገር ከሆነ የነቃ ሠዓሊ ሥራ ነው፤ ሥዕሉ ሕዝብ የሞላበት የካፒቶል (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ደረጃ ከሆነ ግን ዘግይቶ ፖስታ ቤት የደረሰ ኤንቨሎፕ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ያልታሰበ ሹመት ነው። ትሩማን በኤፕሪል 12 ቀን 1945 የማለው ሩዝቬልት ከሰዓት በኋላ ዋርም ስፕሪንግስ ላይ በድንገት ካረፈ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ሊንደን ጆንሰን በኖቬምበር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ በተገደለበት ዕለት ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ በቆመው የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ውስጥ ማለ። እስቲ ያስቡት፤ በዚያ ቀን ማን ብሩሽ ይዞ ይጠብቅ ነበር? በእነዚህ ሁለት ቀኖች ማኅተም ላይ የተሟላ፣ የሚያምር የፕሬዚዳንት ምስል ካዩ ሥዕሉ የተጨመረው በኋላ መሆኑን ያለ አጉሊ መነጽር ማወቅ ይችላሉ። አንድ ሰው ለራሱ ጉዳይ የላከውን ተራ ደብዳቤ ኤንቨሎፕ ሌላ ሰው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አግኝቶ ሥሎበታል ማለት ነው። በማኅተሙ ላይ ሰዓት ካለ ያንብቡት፤ የኤፕሪል 12 የጠዋት ማኅተም የተመታው ሩዝቬልት በሕይወት ሳለ ነው።

ጄራልድ ፎርድ በመካከል ይገኛል። ኒክሰን ሥልጣኑን እንደሚለቅ ያስታወቀው ኦገስት 8 ቀን 1974 ምሽት ነው፤ ፎርድ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ማለ። አንዲት ሌሊት ነበረች። ስለዚህ በጥድፊያ የተሣለ፣ መስመሩ የተንቀጠቀጠ፣ ቀለሙ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የሆነ የፎርድ ኤንቨሎፕ ከተዋበው ይልቅ ያሳምነኛል። ሰብሳቢ ሁሉ በዚህ ከእኔ ጋር አይስማማም።

3. የቴምብሩን ሒሳብ ያስሉ

የፖስታ ዋጋ ከማኅተሙ ቀን ጋር መግጠም አለበት። ከከተማ ወደ ከተማ ለሚላክ መደበኛ ደብዳቤ ዋጋው ከ1933 እስከ 1957 ባሉት በዓለ ሲመቶች ሁሉ 3 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1961 4፣ በ1965 5፣ በ1969 6፣ በ1973 8፣ በ1977 13፣ በ1981 15፣ በ1985 20፣ በ1989 25፣ በ1993 29፣ በ1997 32፣ በ2001 34፣ በ2005 37፣ በ2009 42 ሳንቲም ሆነ። ከ2007 ወዲህ ዋጋ ያልተጻፈባቸው፣ ለሁልጊዜ የሚያገለግሉ ቴምብሮች ስለመጡ ይህ ስሌት ለአዲሶቹ ብዙ አይረዳም።

ከዋጋው በላይ የተለጠፈ ቴምብር አያስደነግጥም፤ ሰብሳቢዎች ለመልኩ ሲሉ ትልቁን ይለጥፋሉ፤ የአየር ፖስታም የራሱ ዋጋ ነበረው። ከዋጋው በታች ሲሆን ግን ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

ከዋጋው ይልቅ ወሳኙ ቴምብሩ የወጣበት ቀን ነው። ለምሳሌ በ1938 መውጣት የጀመሩት የፕሬዚዳንቶች ተከታታይ ቴምብሮች ከ1 እስከ 22 ሳንቲም ድረስ ዋጋቸው ከፕሬዚዳንቱ ተራ ቁጥር ጋር ይገጥማል፤ ሊንከን 16ኛው ፕሬዚዳንት ነውና 16 ሳንቲም ላይ አለ። በእነዚህ ቴምብሮች የተጫወቱ ሰብሳቢዎች ነበሩ። ነገር ግን ከእነሱ አንዱ በ1937 ኤንቨሎፕ ላይ ከተገኘ ጨዋታው ሌላ ነው። እንዲሁም የኬኔዲ መታሰቢያ ባለ 5 ሳንቲም ቴምብር የወጣው በሜይ 29 ቀን 1964 ስለሆነ በኖቬምበር 1963 ማኅተም ሊመታበት አይችልም፤ ኋላ ተለጥፎ ሁለተኛ ማኅተም ካልተመታበት በቀር።

አድራሻውንም ይጠቀሙበት። ዚፕ ኮድ (አድራሻ ላይ የሚጻፈው የፖስታ አካባቢ ቁጥር) ሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 1963 ነው። በኬኔዲ የ1961 በዓለ ሲመት ኤንቨሎፕ ላይ አምስት አኃዝ ያለው ኮድ ከተጻፈ አድራሻው በኋላ የተጨመረ ነው። አድራሻው በኋላ ከተጨመረ ሌላስ ምን ተጨመረ?

4. በእጅ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና አንድ የጠረጴዛ መብራት ይበቃሉ። መጀመሪያ ለስላሳ ጥላ ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ጉንጭን ወይም ሰማይን ይመልከቱ። በማሽን የታተመ ባለቀለም ሥዕል በትናንሽ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፤ ነጠብጣቦቹም በሥርዓት ተደርድረው ይታያሉ። የኮምፒውተር ማተሚያ ደግሞ ነጠብጣቡን እንደ ብናኝ ይበትነዋል። የብሩሽ ቀለም ነጠብጣብ የለውም። በውሃ ቀለም የተሣለ ከሆነ ቀለሙ በደረቀበት ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይተዋል፤ ጓሽ (በውሃ የሚበጠበጥ፣ ሥሩን የማያሳይ ቀለም) ከሆነ ደግሞ ወፍራምና ፈዛዛ ሆኖ የብሩሹ ጭረት ይታያል።

ቀጥሎ መብራቱን ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ እስኪደርስ ዝቅ አድርገው ያብሩ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ፣ ውሃውም ወረቀቱን በመጠኑ አሸብሽቦት ማየት አለብዎት። ፍጹም ለጥ ያለ የውሃ ቀለም ሥዕል አጠራጣሪ ነው። በዚያው ብርሃን በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የጠፋ አድራሻም ጭረቱን ያጋልጣል።

መስመሩ ታትሞ ቀለሙ በእጅ የተቀባውን ለመለየት ብልሃቱ ማወዳደር ነው። የዚያኑ ሠዓሊ ሌላ ቅጂ በጨረታ ማስታወቂያዎች ውስጥ ይፈልጉ። ጥቁሩ መስመር በሁለቱ ላይ አንድ ሆኖ ቀለሙ የሚለያይ ከሆነ መልሱ ተገኘ። ቀለሙም ከመስመሩ ያለፈበት ቦታ ሳይቀር አንድ ከሆነ ግን ሁለቱም የታተሙ ናቸው፤ እጅ አንድን ስሕተት ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ አይሠራም።

አልትራቫዮሌት መብራት ካለዎት ወረቀቱን ይፈትሹበት። ወረቀትን የሚያነጡ ኬሚካሎች በስፋት የገቡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የ1933 ነው የተባለ ኤንቨሎፕ በመብራቱ ሥር እንደታጠበ ሸሚዝ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ግዢውን ይተዉት።

5. ቀለምና ማኅተም የሚገናኙበትን ቦታ ይፈልጉ

የጠቅላላው ምርመራ እምብርት ይህ ነው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በኤንቨሎፑ ግራ ወገን ይገኛል፤ ቴምብሩ በቀኝ ጫፍ። በመካከላቸው የክቡ ማኅተም ጠርዝ ወይም የቴምብር መሰረዣው ሞገድ መስመሮች ያልፋሉ። አንዲት መስመር እንኳ ቀለሙን ከነካች ምስክር አገኙ።

ሥዕሉ ከማኅተሙ በፊት የተሠራ ከሆነ ጥቁሩ የማኅተም መስመር ቀለሙን አቋርጦ ሲሄድ በላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ጥቁረቱ አይቀንስም፤ ባዶው ወረቀት ላይ ሲደርስ ግን ወደ ወረቀቱ ትንሽ ሰርጎ ስለሚሰፋ መልኩ ይለወጣል። በእጅ የተመታ ማኅተም ከሆነ ወፍራም ቀለም ላይ የግፊት ምልክት ወይም ቀጭን ስንጥቅ ሊተው ይችላል። ሥዕሉ በኋላ ከተሠራ ደግሞ መስመሩ በቀለሙ ሥር ገብቶ ይደበዝዛል፤ ቀለሙ ቢጫ ከሆነ መስመሩ ወደ ቡናማ ይሳባል። እርጥብ የውሃ ቀለም አንዳንድ ጊዜ የማኅተሙን ቀለም አሟሙቶ ግራጫ ጭጋግ ያደርገዋል። ይህን ጭጋግ አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ሁለቱ ጨርሶ የማይነካኩበትም አለ። ያን ጊዜ የሥዕሉን ቅርጽ ይመልከቱ። ባንዲራው ማኅተሙ አጠገብ ሲደርስ ያለ ምክንያት ከታጠፈ፣ የካፒቶሉ ጉልላት ክቡን ለመሸሽ ወደ ግራ ካዘመመ፣ ሠዓሊው ማኅተሙን እያየ ሥሏል። አስቀድሞ የሚሥል ሰው ማኅተሙ የት እንደሚያርፍ በግምት እንጂ በእርግጥ አያውቅምና ዳር ዳሩን ሰፋ አድርጎ ይተዋል።

በኋላ የተሣለ ሁሉ ግን ማጭበርበር አይደለም። የትሩማንንና የጆንሰንን ነገር አስቀድመን አይተናል፤ ጥሩ ሠዓሊዎች በአሮጌ ኤንቨሎፕ ላይ ሥለው፣ በጀርባው ፈርመውና ዓመቱን ጽፈው በግልጽ ይሸጣሉ። ጥፋቱ የሚመጣው ያ ዓመት ሲደበቅ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚከፍሉት የሥዕሉን ዋጋ ነው፤ የዕለቱን ዋጋ አይክፈሉ።

6. ግዢ

ከፎቶግራፍ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ሻጩን የፊቱንና የጀርባውን ምስል በከፍተኛ ጥራት ይጠይቁ፤ በተጨማሪም ቀለምና ማኅተም የሚገናኙበትን ቦታ ከጎን ብርሃን እያበራ እንዲያነሣ ይለምኑት። የማይፈቅድ ሻጭ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። ለከፍተኛ ዋጋ ዕቃ የምርመራ ማስረጃ ይጠይቁ፤ በ1886 የተቋቋመውና ቤልፎንት፣ ፔንስልቬንያ የሚገኘው የአሜሪካ ፊላቴሊክ (የቴምብር ሰብሳቢዎች) ማኅበር እንዲህ ያለ አገልግሎት ይሰጣል። በ1955 የተመሠረተው የአሜሪካ የመጀመሪያ ቀን ኤንቨሎፕ (ቴምብሩ በወጣበት ዕለት ማኅተም የተመታበት ኤንቨሎፕ) ሰብሳቢዎች ማኅበር ደግሞ ስለ ሠዓሊዎቹ ማንነት ለማወቅ የተሻለው በር ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የስሚዝሶንያን ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም ይሂዱ። መግቢያው በነጻ ነው። ዓይን የሚሠለጥነው እውነተኛውን ደጋግሞ በማየት ነው።

አድራሻ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው? ገበያው ባዶውን ይመርጣል፤ ንጹሕ ይመስላልና። እኔ አድራሻ ያለውን እመርጣለሁ። በእርግጥ በፖስታ የተጓዘ፣ አንድ ሰው ደጅ የደረሰ ኤንቨሎፕ ነው።

7. የራስዎን ያዘጋጁ

የሚቀጥለው መደበኛ በዓለ ሲመት ጃንዋሪ 20 ቀን 2029 ነው፤ ቅዳሜ ይውላል። ለመሣል ወይም ሠዓሊ ለማሠራት በቂ ጊዜ አለ።

ኤንቨሎፑ ከጥጥ የተሠራ ወይም ከአሲድ ነጻ የሆነ፣ 16 ተኩል በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው የተለመደው መጠን ይሁን። ከመሣልዎ በፊት በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ወረቀት ውስጡ ያስገቡ፤ ካልሆነ የኤንቨሎፑ የጀርባ እጥፋት በሥዕሉ ላይ ይወጣል፤ ማኅተሙም ወጣ ገባ ይሆናል። ቀኙን የላይ ማዕዘን ባዶ ይተዉ፤ ሥዕላዊ ማኅተሞች ሰፊ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከቀኝ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢተዉ አይቆጭዎትም። ቀለሙን ስስ ያድርጉ። ወፍራም ጓሽ ይሰነጠቃል፤ ሰም የበዛበት ባለቀለም እርሳስ ደግሞ የማኅተም ቀለም አይቀበልም።

ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የአሜሪካ ቴምብር ይለጥፉ፤ ለመደበኛ ደብዳቤ ከሚከፈለው ማነስ የለበትም። ከኢትዮጵያ ሆነው የሚያዘጋጁ ከሆነ የኢትዮጵያ ቴምብር ለዚህ አያገለግልም፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ቴምብሩን ገዝቶ እንዲለጥፍ ያድርጉ። አድራሻውን በስሱ በእርሳስ ወይም በሚላጥ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ማኅተም የሚገኝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለልዩ ዝግጅቶች የሚያወጣቸው ሥዕላዊ ማኅተሞች ናቸው። እነዚህ ፖስታል ቡለቲን በተባለው የአገልግሎቱ መጽሔት ላይ ከነሥዕላቸውና ከነአድራሻቸው ይወጣሉ። ኤንቨሎፕዎን በትልቅ ኤንቨሎፕ ውስጥ አድርገው ወደተገለጸው አድራሻ ይልካሉ፤ ጥያቄ ለማቅረብ አብዛኛውን ጊዜ ከዝግጅቱ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል፤ የእያንዳንዱን ግን ከማስታወቂያው ላይ ያረጋግጡ። ሁለተኛው መንገድ በዕለቱ ፖስታ ቤት ቀርቦ በመስኮቱ ተራ ክብ ማኅተም በእጅ እንዲመቱልዎ መጠየቅ ነው። በሁለቱም መንገድ «በእጅ ይመታልኝ» የሚለውን በደማቁ ጽፈው ያያይዙ፤ የማሽን ጥቅል የተሣለ ኤንቨሎፕን ይፍቃል። በዋሽንግተን መሀል ከተማ በዚያ ዕለት መንገዶች ይዘጋሉ፤ ቅዳሜም የፖስታ ቤቶች ሰዓት አጭር ነው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂንያ በኩል ያለ ፖስታ ቤት ይቀላል፤ የሚያገኙት ማኅተም ግን የዚያን ከተማ ስም እንደሚይዝ አይርሱ።

ከአንድ በላይ ያዘጋጁ። አንዱ ይበላሻል።

8. አቀማመጥ

የውሃ ቀለም ትልቁ ጠላቱ ብርሃን ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጉ ባለቀለም ቅጂ ያሠሩና ቅጂውን ይስቀሉ። ዋናው በፖሊስተር ኪስ ውስጥ ገብቶ፣ ከአሲድ ነጻ በሆነ ሳጥን ውስጥ በጨለማ ይቀመጥ። ከገበያ የሚገዛው ተራ የፕላስቲክ አቃፊ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ በጊዜ ብዛት ዘይት አውጥቶ ቀለሙን ይስባል። ጓሽ የተሣለባቸውን ኤንቨሎፖች በላይ በላይ አይደርድሩ፤ ሙቀትና ክብደት ሲገናኙ ቀለሙ ከኪሱ ጋር ይጣበቃል። አቁመው ያስቀምጧቸው።

የአየሩ እርጥበት በ40 እና በ50 በመቶ መካከል ቢሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ክረምቱ ነው፤ ሳጥኑን ከግድግዳና ከወለል አርቀው፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በውስጡ አኑረው በየጊዜው ይቀይሩት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ አየር ማቀዝቀዣው ሲጠፋና ሲበራ የሚፈጠረው መለዋወጥ ወረቀቱን ያጣምመዋል፤ የዕረፍት ጊዜ ሲሄዱ ሳጥኑን ከመስኮት በራቀ የውስጥ ቁም ሣጥን ይተዉት።

በንጹሕና በደረቀ እጅ ጠርዙን ይያዙ። ወረንጦ ለቴምብር ይሆናል፤ የተሣለ ኤንቨሎፕን ግን ይቧጭራል። የተጣመመን ለማቃናት እንፋሎት ማሳየት፣ ቆሻሻን በላጲስ ማሸት፣ የደበዘዘን መልሶ መቀባት፣ ሦስቱም የተከለከሉ ናቸው።

9. መዝገብ

ለእያንዳንዱ ኤንቨሎፕ አንድ ካርድ ወይም የኮምፒውተር ገጽ ይክፈቱ። የማኅተሙ ከተማ፣ ቀንና ሰዓት፤ ቴምብሩና ዋጋው፤ የሠዓሊው ስም ወይም «ያልታወቀ»፤ መስመሩ የታተመ መሆን አለመሆኑ፤ ቀለሙ ከማኅተሙ በላይ ነው ወይስ በታች፤ ከማን፣ መቼና በስንት እንደተገዛ። በጀርባው በእርሳስ እንደ 3/50 ያለ ቁጥር ካለ እርሱንም ይመዝግቡ፤ ሠዓሊው ከሠራቸው 50 ቅጂዎች ሦስተኛው ነው ማለት ነው። የሁለቱንም ገጽ ፎቶግራፍ ያያይዙ፤ የጎን ብርሃኑንም ጭምር። በኤንቨሎፑ ላይ ራሱ ምንም አይጻፍ፤ በእርሳስም ቢሆን። «ኋላ የተሣለ» ብለው ከመደቡ ቃሉን በካርዱ አናት ላይ፣ ወራሽ ወይም ገዢ መጀመሪያ በሚያነብበት ቦታ ያስፍሩት።